የዓሣ ልብና የስሜን ብርድ

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላሉ አበው። ነገር አታብዛ፣ አርፈህ ተቀመጥ ለማለት ነው። እኛ ደግሞ ተማሪዎች ነንና አርፎ መቀመጡ አልሆነልንም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ዓሣን ልንጎረጉር ተነሥተናል፤ ዓሣንም ብቻ ሳይሆን የዓሣን ልብ።

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በጥር ሌሊት ከደባርቅ በላይ ባለው አምባ ላይ ውርጭ ሲጥል፣ ልብሱ የራሰ እረኛ መጠለያ ካላገኘ ሰውነቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ቅዝቃዜው ወደ ውስጥ ዘልቆ ልቡ ዘንድ ከደረሰ ትርታው ይዛባል፤ በመጨረሻም ይቆማል። በሌላ በኩል ደግሞ ውኃቸው በረዶ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ወንዞችና ባሕሮች በዓለም ላይ አሉ። በነዚያ ውስጥ የሚኖሩ ዓሦች ልባቸው በዚያው ቅዝቃዜ፣ ሌሊትም ቀንም ሳያቋርጥ ይመታል። ሁለቱም ልብ ጡንቻ ነው። ሁለቱም ደም ይገፋል። ታዲያ አንዱን የሚገድል ብርድ ሌላውን ለምን ይምረዋል?

የሰው ልጅ ይህን ለማወቅ አራት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ከታሪኩ አንዳንዱ ምዕራፍም በእኛው አካባቢ፣ በስሜን ተራራ፣ በጎንደር ከተማና በጣና ዳር ያልፋል። እንግዲህ ከመነሻው እንጀምር። (ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎንደር በፊት

በ1628 ዊልያም ሃርቬይ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ልብ እንቅስቃሴና ስለ ደም ዝውውር በላቲን የጻፈው አነስተኛ መጽሐፍ በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ ታተመ። ያን ጊዜ ጎንደር ገና ከተማ አልነበረችም። ዐፄ ሱስንዮስ መቀመጫቸውን ደንቀዝ አድርገው ነበር። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1632 ነግሠው በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ፤ ይህ በእኛ አቆጣጠር 1628 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የሃርቬይ መጽሐፍና የጎንደር ከተማ በየአቆጣጠራቸው አንድ ቁጥር ይዘዋል ማለት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ግን 8 ዓመት ነው።

ሃርቬይን ያስቸገረው ነገር ፍጥነት ነበር። የውሻን ደረት ከፍቶ ልቡን ሲመለከት ትርታው ከመፍጠኑ የተነሣ መቼ እንደሚኮማተር፣ መቼ እንደሚላላ መለየት አቃተው። ስለዚህ «ቀዝቃዛ ደም አላቸው» ወደሚባሉት እንስሳት ዞረ፤ ወደ እንቁራሪት፣ ወደ እባብና ወደ ትናንሽ ዓሦች። የእነዚህ ልብ ዝግ ብሎ ስለሚመታ እንቅስቃሴውን አንድ በአንድ መከተል ይቻላል። ደም ከልብ ወጥቶ ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ ያሳየው ያ ታላቅ ሥራ፣ ከዓሣና ከእንቁራሪት ልብ ብዙ ተበድሯል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሃርቬይ ካያቸው ነገሮች ሁለቱን እዚህ ላይ ልብ እንበላቸው። አንደኛው፣ እባብ የመሰለውን ኢል የሚባለውን ዓሣ ልብ ከሰውነቱ አውጥቶ ሲያስቀምጠው ልቡ ብቻውን መምታቱን ቀጠለ። ሁለተኛው፣ የአንዲት ርግብ ልብ መምታቱን ካቆመ በኋላ ሃርቬይ ጣቱን በምራቁ አርሶ፣ ሞቅ እንዳለ ልቡ ላይ ጥቂት ጊዜ ቢያኖረው ልቡ እንደገና ነፍስ ዘራ። የዓሣው ልብ ያለ ሙቀት ይሠራል፤ የርግቧ ልብ ሙቀት ሲያገኝ ይነሣል። ርግብ አጥቢ ባትሆንም እንደ እኛው ሞቃት ደም ያላት ናት። ጥያቄያችን በሞላ በነዚህ ሁለት ትዝብቶች ውስጥ ተቀምጧል። ሃርቬይ ግን ምክንያቱን ሊናገር አይችልም ነበር፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ኬሚስትሪ ገና አልተወለደም።

ሩፔል በስሜንና በጣና

ሁለት መቶ ዓመት እንዝለል። በዚያችው በፍራንክፈርት ከተማ በ1794 የተወለደው ኤድዋርድ ሩፔል በ1831 ምጽዋ ደረሰ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ስሜንን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ሩፔል በ1832 ስሜንን አቋርጦ በዚያው ዓመት ጎንደር ገባ፤ በ1833 ወደ መጣበት ተመለሰ። ሲመለስ የግዕዝ ብራናዎች፣ የእንስሳት ቆዳና አጥንት፣ በመጠጥ የተዘፈዘፉ ዓሦች ይዞ ነበር።

ከ1835 እስከ 1840 ባሉት ዓመታት ሩፔል ያወጣቸው ጽሑፎች ለእኛ የቤተ ሰብ መዝገብ ያህል ናቸው። ከስሜን ገደል ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ አስተዋወቀ። የሳይንስ ስማቸውን ያነበበ ሰው ካፕራ ዋሊ፣ ቴሮፒቴከስ ጌላዳ፣ ካኒስ ሲሜንሲስ የሚል ያገኛል፤ ዋልያ፣ ጭላዳና ስሜን የሚሉት ቃላት በላቲን ልብስ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ከጣና ያወጣቸውም ዓሦች እንዲሁ ናቸው። አንዱ ዴምቤንሲስ ነው፤ ደምቢያን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። አንዱ ቤሶ ነው። አንዱ ደግሞ፣ ይኸውላችሁ፣ ጎርጓሪ ነው! እኛ ተረት ነው ያልነው ቃል በዓለም የዓሣ መዝገብ ላይ ከ1835 ጀምሮ ሰፍሮ ይገኛል።

ሩፔል የሰበሰበውን የፍራንክፈርቱ የዜንከንበርግ ሙዚየም ተረከበ። እንግዲህ የሃርቬይ መጽሐፍ በታተመበት ከተማ የስሜን አጥቢዎችና የጣና ዓሦች ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሩፔል ዘመን ጥያቄ ግን «ይህ ማን ነው?» የሚል ነበር። ጥርስ ይቆጠራል፤ ክንፍ ይለካል፤ ቅርፊት ይቆጠራል፤ ስም ይወጣል። «ይህ እንስሳ እንዴት ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ ተራው አልደረሰም ነበር።

እኛ ግን ዛሬ ሁለቱን ወገኖች አጠገብ ለአጠገብ አድርገን መጠየቅ እንችላለን። ስሜን ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርስ ተራራ ነው። በበጋ ሌሊት በግጭና በጨነቅ ውኃ ይረጋል። ዋልያው በዚያ ሌሊት የውስጥ ሙቀቱን ከቀኑ እምብዛም ሳያጎድል ያድራል። ቀይ ቀበሮው ደጅ ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን በጅራቱ ሸፍኖ ይተኛል። ጭላዳው ገደል ላይ ያድራል። የሦስቱም ልብ ውጭ ውርጭ ቢሆንም ውስጡ ቆላ ነው። ይህ ግን በነጻ አይገኝም። አጥቢ እንስሳ አርፎ በተቀመጠበት እንኳ፣ በክብደት ከሚተካከለው ቀዝቃዛ ደም ካለው እንስሳ በትንሹ 5 እጥፍ ያህል ምግብ ያቃጥላል። ጭላዳው ቀኑን ሙሉ ሣር ሲነጭ የሚውለው ወዶ አይደለም፤ ምድጃው እንዳይጠፋ ማገዶ እየሰበሰበ ነው።

የጣናው ዓሣ ምድጃ የለውም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፣ በአማካይ 8 ሜትር ያህል ብቻ የሚጠልቅ ውኃ ነው፤ በረዶ አያውቅም። ቢሆንም ዓሣው የውኃውን ሙቀት ይዞ ይውላል እንጂ የራሱ የለውም። ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣ ከሞቀው ሐይቅ ወጥቶ፣ እንቁላሉን ለመጣል መገጭን፣ ርብንና ጉማራን የመሳሰሉትን ወንዞች ሽቅብ ይወጣል። ከደጋ የሚወርደው ጎርፍ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ዓሣው ሲገባበት ደሙም፣ ልቡም አብረው ይቀዘቅዛሉ፤ ሥራው ደግሞ ይብሳል፤ ጎርፍ መቅዘፍ አለበትና። የስሜኑ አጥቢ ብርዱን ከደጅ ያስቀረዋል፤ የጣናው ዓሣ ግን ብርዱን ቤቱ አስገብቶ አብሮት ይሠራል።

የለንደን የቧንቧ ውኃ

የልብን ምስጢር ከፈቱት ነገሮች አንዱ የቧንቧ ውኃ ነው ቢባል ማን ያምናል? በ1882 እና በ1883 በለንደን ሲድኒ ሪንገር የተባለ ሐኪም የእንቁራሪት ልብ አውጥቶ በጨው ውኃ ውስጥ ያቆይ ነበር። ልቡ ለብዙ ሰዓት ይመታል። ጨዉ በተጣራ ውኃ ሲበጠበጥ ግን ልቡ ወዲያው ይደክማል። ለካ ቀድሞ የተጠቀመበት ውኃ ከከተማው ቧንቧ የተቀዳ ኖሯል፤ በውስጡ ካልሲየም ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የልብ ጡንቻ እንዲኮማተር የሚያዘው ካልሲየም መሆኑ ታወቀ። ዛሬ በየሆስፒታሉ በሽተኛ ላይ ከሚንጠለጠሉት ፈሳሾች አንዱ የሪንገርን ስም ይዞ የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ግኝት ጥያቄውን አጠበበው። ልብ መታ ማለት ካልሲየም ወደ ሕዋሱ መሐል ገባ ማለት ነው። ልብ ላላ ማለት ካልሲየሙ ተመልሶ ተጠረገ ማለት ነው። የሰው ልብ ይህን በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ያደርገዋል። እንግዲህ ብርድ የሚያበላሸው የትኛውን ነው? ማስገባቱን ወይስ መጥረጉን?

ቅቤና የኑግ ዘይት

የሃያኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪዎች ያገኙትን መልስ ከራሳችን ጓዳ ምሳሌ እየወሰድን ብናስረዳ ይሻላል።

መጀመሪያ የሕዋሱን ገለፈት እንመልከት። ገለፈቱ ከስብ የተሠራ ነው። በጎንደር ጠዋት ቅቤ በቅሉ ውስጥ ረግቶ ይገኛል፤ የኑግ ዘይት ግን አይረጋም። ልዩነቱ የስቡ ዓይነት ነው። የአጥቢ እንስሳ የልብ ገለፈት ለ37 ዲግሪ የተሠራ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ቅቤነት ያደላል። በገለፈቱ ውስጥ የተተከሉት የካልሲየም፣ የሶዲየምና የፖታሲየም በሮች በረጋ ቅቤ ውስጥ እንደተቀበሩ ያህል ይታሰራሉ። ዓሣው ግን ውኃው እየቀዘቀዘ ሲመጣ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ የገለፈቱን ስብ ይለውጣል፤ የዘይትነት ጠባይ ያለውን ያበዛል። ቤቱን ለብርድ ያድሳል ማለት ነው።

ሁለተኛው የካልሲየም ነገር ነው። የአጥቢ የልብ ሕዋስ ወፈር ያለ በመሆኑ ካልሲየሙን በአብዛኛው በውስጡ ባለ ጎተራ ያከማቻል። ትእዛዝ ሲደርሰው ጎተራውን ይከፍታል፤ ጡንቻው ይኮማተራል። ከዚያም ልዩ ፓምፖች ካልሲየሙን ጠርገው ወደ ጎተራው ይመልሱታል። ሙቀት ሲቀንስ እነዚህ ፓምፖች ይደክማሉ። የወጣው ካልሲየም ሳይጠረግ ሌላ ይጨመርበታል፤ ሕዋሱ ይጨናነቃል፤ ልቡ በደንብ መላላት ያቅተዋል። ሰው የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያንስ በሕክምና ቋንቋ ቀዝቅዟል ይባላል። ከ32 ዲግሪ ገደማ በታች መንቀጥቀጡ ራሱ እየጠፋ ይሄዳል። ከ28 ዲግሪ በታች ልቡ መምታት ትቶ ዝም ብሎ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ እያንዳንዱ ጭረት በየራሱ ይንዘፈዘፋል እንጂ ደም አይገፋም።

የዓሣ የልብ ሕዋስ ግን ቀጭንና ሹል ነው። ከገለፈቱ እስከ መሐሉ ያለው መንገድ አጭር በመሆኑ ብዙዎቹ ዓሦች ከጎተራው ይልቅ ከውጭ በገለፈቱ በኩል በሚገባው ካልሲየም ይጠቀማሉ። ጎተራ የሌለው ሰው የዕለቱን ከገበያ ገዝቶ እንደሚያድር ማለት ነው። ጎተራ ያለው ይኮራ ይሆናል፤ የጎተራው በር ሲበላሽ ግን ከነእህሉ የሚራበው እርሱ ነው። እንደ ትራውት ያሉ ብርቱ ዋናተኞች ጎተራም አላቸው፤ የእነርሱ ጎተራ ግን በብርድም ይሠራል።

ሦስተኛው፣ በጡንቻው ላይ ሆኖ ካልሲየሙን የሚቀበለው ትሮፖኒን ሲ የሚባል ፕሮቲን ነው። ብርድ የዚህን ፕሮቲን ስሜት ያደነዝዛል። የትራውት ትሮፖኒን ግን ከአጥቢው ይልቅ ለካልሲየም ንቁ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ብርዱ ጥቂት ቢያደነዝዘው እንኳ ለሥራ የሚበቃ ንቃት ይተርፈዋል።

አራተኛው ዝግታው ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ የዓሣ ልብ ትርታ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ድካም እንዳይመስለን። ዓሣው ራሱ የሚፈልገው ኦክሲጂን አብሮ ቀንሷል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ ከሞቃት ውኃ የበለጠ ኦክሲጂን ይይዛል፤ በባሕር ወለል ላይ በ0 ዲግሪ በሊትር 14.6 ሚሊግራም፣ በ25 ዲግሪ ግን 8.3 ሚሊግራም ያህል ነው። ደሙ በብርድ ስለሚወፍር መግፋቱ ይከብዳል፤ ለዚህም ትራውት በቀዝቃዛ ውኃ ሲሰነብት ልቡን ያተልቃል። በየምቱ ብዙ ደም ይገፋል፤ የምቱን ቁጥር ግን ያሳንሳል። ትራውት በአገራችንም አለ፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ደጋ በወይብ ወንዝ የተለቀቀው ዓሣ እርሱ ነው።

ሁሉም ዓሣ በዚህ መንገድ አይሄድም። ብሉፊን ቱና ጡንቻውን ያሞቃል፤ ልቡ ግን በውኃው ቅዝቃዜ ይሠራል። ኦፓ የሚባለው የውቅያኖስ ዓሣ ደግሞ ልቡን ጭምር እንደሚያሞቅ በ2015 ታውቋል። ስለዚህ «ዓሣ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው» የሚለው አባባል ከእንግዲህ አይሠራም።

1947 ዓ.ም.

በ1953 በደምቢያ ሜዳ ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ለገጠሩ ሕዝብ የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እዚያ ነው።

በዚያው በ1954 ዮሐን ሩድ የተባለ ኖርዌያዊ ሳይንቲስት አንድ አስገራሚ ነገር አሳተመ። በአንታርክቲካ ባሕር፣ ውኃው ከዜሮ በታች 1.9 ዲግሪ በሚደርስበት ስፍራ፣ ቀይ ደም የሌለው ዓሣ አለ። ዓሣ ነባሪ አዳኞች ስለዚህ ዓሣ ሲያወሩ ቆይተው ነበር። ሩድ መርምሮ እውነት መሆኑን አረጋገጠ፤ ደሙ ሄሞግሎቢን የለውም፤ ንጹሕ ፈሳሽ ይመስላል። ቀዝቃዛው ውኃ ኦክሲጂን ስለተትረፈረፈበት፣ በደሙ ውስጥ እንዲሁ የሚሟሟው ይበቃዋል። በምትኩ ልቡ ትልቅ ነው፤ ደሙም ብዙ ነው፤ ቀስ እያለ እንደ ወፍጮ ውኃ ይገፋዋል። የእነዚህ ባሕሮች ዓሦች ደም ለምን እንደማይረጋ ደግሞ አርተር ዴቭሪስ የተባለ አሜሪካዊ በ1960ዎቹ አገኘ፤ በደማቸው ውስጥ የበረዶን ፍንጣሪ እንዳያድግ የሚይዝ ፕሮቲን አለ።

ሐኪሞቹም በዚያው ዘመን ብርድን በተቃራኒው ወገን ይመረምሩ ነበር። በካናዳ፣ በቶሮንቶ ዊልፍሬድ ቢግሎው ውሾችን እያቀዘቀዘ ልባቸውን መቅደድ የሚቻልበትን መንገድ ፈለገ፤ ጥናቱንም በ1950 አሳተመ። አሳቡ እንዲህ ነው፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ የአንጎል የኦክሲጂን ፍላጎት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ደም ለጥቂት ደቂቃ ቢቋረጥ አንጎል አይሞትም። መስከረም 2 ቀን 1952 (በእነርሱ አቆጣጠር) በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ጆን ሉዊስ የሚባል ቀዳጅ ሐኪም የአንዲት የ5 ዓመት ሕፃን ሰውነት ወደ 28 ዲግሪ ገደማ አውርዶ፣ ልቧን ከፍቶ፣ በውስጡ የነበረውን ቀዳዳ ሰፋ። ሕፃኗ ዳነች። ብርድ ለአጥቢ ልብ ጠላት መሆኑ አልቀረም፤ ሰው ግን ጠላቱን ለጥቂት ደቂቃ ሎሌ አድርጎ ቀጠረው። ዛሬም ከለጋሽ የተወሰደ ልብ በበረዶ ተከቦ ለ4 ሰዓት ያህል ይጓዛል።

ብርድና የደጋ ሰው

ታዲያ ይህ ሁሉ ለደባርቅ፣ ለዳባት፣ ለጃናሞራ ሰው ምን ይፈይዳል? ብዙ ይፈይዳል።

የእኛ ልብ የዓሣ ልብ አይደለም። ገለፈቱን በሳምንት አይለውጥም፤ ከብርዱ ጋር ውል የለውም። ያለው መከላከያ ምድጃው ብቻ ነው፤ ማገዶውም በሶው፣ ጠላው፣ እንጀራው ነው፤ ቅጥሩም ጋቢው፣ ቡሉኮው፣ ደበሎው ነው። የራበው ሰው ማገዶ የለውም። የራሰ ሰው ቅጥሩ ፈርሷል። ብርድ ድኻን አስቀድሞ የሚገድለው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ድኻ ልቡ ስለደከመ አይደለም።

አረቄ ያሞቃል የሚባለውም ነገር መመርመር አለበት። አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ይከፍታል፤ ሙቅ ደም ወደ ቆዳ ይወጣል፤ ስለዚህ ሰውዬው የሞቀው ይመስለዋል። በእውነቱ ግን የውስጡን ሙቀት ለውርጩ እየሰጠ ነው። ምድጃውን ከፍቶ ደጁን እንደማሞቅ ነው።

በብርድ የተመታ ሰው ሲገኝ እርጥብ ልብሱ ይወልቅ፤ በደረቅ ይጠቅለል፤ ንፋስ ከማያገኘው ቦታ ይግባ፤ ነፍሱን ካወቀና መዋጥ ከቻለ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ነገር ይጠጣ። እጅና እግሩን በኃይል ማሸት፣ ማንገላታትም አይገባም፤ የቀዘቀዘ ልብ በትንሽ ግፊት ትርታው ይዛባልና። ከሁሉ በላይ ግን ቶሎ ሞተ ማለት አይገባም። በ1999 አና ቦገንሆልም የተባለች ስዊድናዊት ሐኪም በኖርዌይ በበረዶ ሥር ባለ ውኃ ውስጥ ወድቃ የውስጥ ሙቀቷ እስከ 13.7 ዲግሪ ወረደ። ልቧ ቆሞ ነበር። በሆስፒታል በመሣሪያ ደሟን እያሞቁ መለሷት፤ ዳነችም። በርግጥ ያ መሣሪያ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ደንቡ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ የቀዘቀዘ ሰው ሳይሞቅ ሞተ አይባልም። የሃርቬይ ርግብ ያስተማረችው ይህንኑ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ብርድ የሚያጠቃው አራሱን ሕፃን ነው። አራስ ሕፃን ገላው ትንሽ፣ ቆዳው ሰፊ፣ ማገዶው ጥቂት ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው መንቀጥቀጥም አይችልበትም። በ1978 ገደማ በኮሎምቢያ፣ በቦጎታ ኤድጋር ሬይ የተባሉ ሐኪም ማሞቂያ ሣጥን ሲያጥራቸው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናታቸው ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አጣብቀው ማኖር ጀመሩ። ዛሬ ይህ በዓለም የታወቀ ሕክምና ነው። እናቶቻችን ማዘልን ያውቁበታል፤ ለአራሱ የሚያስፈልገው ግን ጀርባ ሳይሆን ደረት ነው፤ ልብስ ሳይለያቸው። ሕፃኑ ወዲያው እንደተወለደ ይደረቅ፤ መታጠቡ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆየው። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ የሚጠይቀው ማወቅን ብቻ ነው።

የዓሣው ዕዳ

ዓሣውን ስናመሰግን ቆየን። እርሱም ግን ዕዳ አለበት። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ልቡ ይፈጥናል፤ የሰውነቱ የኦክሲጂን ጥያቄ ይበዛል፤ ውኃው የሚይዘው ኦክሲጂን ግን ይቀንሳል። አንድ ወሰን ላይ ሲደርስ ልቡ መፍጠን ያቅተዋል፤ ትርታው ይዛባል። በካናዳ በፍሬዘር ወንዝ ሽቅብ የሚወጡት ሳልሞኖች ውኃው በሞቀባቸው ዓመታት ከመንገድ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት መሆኑ ተጠንቷል። ላብ የለውም፤ ጥላ ፍለጋ ብቻ ነው ያለው ምርጫ። እንደ ጣና ባለ ጥልቀት በሌለው ውኃ ደግሞ ጥላውም፣ ጥልቁም ውስን ነው።

የስሜኑ ዋልያም በሙቀት በኩል መሸሻ የለውም፤ እርሻና ከብት ከታች ሲገፉት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከተራራው ጫፍ በላይ ግን መውጫ የለም። የተሻለ ልብ የትኛው ነው የሚለው ክርክር ስለዚህ ከንቱ ነው። ሁለቱም በለመዱት ቦታ ይኖራሉ፤ ቦታው ሲለወጥ ሁለቱም ይቸገራሉ። ሩፔል በአንድ ጉዞ የሰበሰባቸው ሁለት ወገኖች ዛሬ በአንድ ጭንቅ ውስጥ ናቸው።

ባልንጀሮቻችን ሆይ፣ ጥያቄው ከፍራንክፈርት፣ ከለንደንና ከቶሮንቶ ዞሮ እኛ ዘንድ መጥቷል። ሃርቬይ ሲሠራ አስተማማኝ ቴርሞሜትር ገና አልነበረም፤ እኛ አለን። ብዙ ዓሦች ገና ሲፈለፈሉ ሰውነታቸው ብርሃን ያሳልፋል፤ ልባቸው ሲመታ በማጉያ መነጽር ይታያል፤ አንዳቸውንም ሳንገድል መቁጠር እንችላለን። ከጎርጎራ ዳር አንድ ማሰሮ ውኃ፣ አንድ ሰዓትና አንድ ቴርሞሜትር ይበቃል። በ15፣ በ20፣ በ25 ዲግሪ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የቆጠረ ሰው ቁጥሩን በሠንጠረዥ ጽፎ ለመጽሔታችን ይላክልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።